እናቴ የተሳለመችው ባንክ

እማዬ ባንክ ተሳለመች።

እየቀለድኩ አይደለም። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። አማተበች። ከደረጃው ጎን ያለውን ድንጋይ በመዳፏ ነካችና መዳፏን ሳመች። ፊላደልፊያ መሀል ከተማ፣ ቼስትነት ጎዳና ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። እኔ የውሃ ኮዳዋንና ጃንጥላዋን ተሸክሜ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ፎቶ ሊያነሳ የነበረ አንድ ቱሪስት ስልኩን ዝቅ አድርጎ በዝግታ አለፈን። እሱም ጸሎት ቤት መስሎት ይሆናል።

«እማዬ፣ ቤተክርስቲያን እኮ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ባንክ። ማለቴ፣ ድሮ ባንክ ነበር።»

ዞር ብላ አየችኝ። ቀና ብላ ዓምዶቹን አየች። እንደገና እኔን። የምቀልድባት መስሏታል። ቁርጡን ስታውቅ ታፍራለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች። «ባንክ ከሆነ ታዲያ ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው ቤተክርስቲያን የሚመስለው?»

ሳቅኩ። «ፈረንጅ እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሰዓቱ ሄዷል፤ እሷ ጾም ላይ ናት፤ የምትበላው ለማግኘት ዌስት ፊላደልፊያ፣ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጋ መድረስ ነበረብን። መኪና ውስጥ ሌላ ወሬ ተነሳ። ጥያቄው ግን ጥርስ መሀል እንደገባ ሥጋ አልለቀኝም።

እዚህ ከተማ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ያንን ሕንፃ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለፍኩት ፈጣሪ ይወቀው። የነጻነት ደወልን ሊያይ የመጣ ተሳፋሪ «ያ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ሁለተኛው የዩናይትድ ስቴትስ ባንክ» እለዋለሁ። እሱም «ኦኬ» ይላል። በቃ፣ ያልቃል። አንድም ቀን ባንክ ለምን መቅደስ መሰለ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ይህን ለመጠየቅ እማዬ ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረባት።

ባዶ እግራቸውን የቆሙት

እማዬ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ ሥራ የቀዘቀዘበት አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ ሄድኩ። (እዚያ አካባቢ ፓርኪንግ ማግኘት ራሱ ስለት የሚያስገባ ነገር ነው።)

መጀመሪያ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። እስከዚያ ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም፤ ታክሲ ነጂ የሚያየው የትራፊክ መብራቱን ነው። ስምንት ወፋፍራም ዓምዶች፣ ከላይ እስከ ታች ቦይ ቦይ ተደርገው የተጠረቡ። ከላያቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር። ግንባሩ ባዶ ነው፤ አንድ ቅርጽ አልተቀረጸበትም። ድንጋዩ ከዚያው ከፔንሲልቬንያ የወጣ፣ «ሰማያዊ» የሚባል እብነ በረድ ነው። ለእኔ ግን ዝናብ ያዘለ ደመና ነው የመሰለኝ። እማዬ የነካችውን ቦታ ፈልጌ እኔም ነካሁት። ጠርዙ ሟሙቷል። የሁለት መቶ ዓመት ዝናብና ጭስ ልሶታል። ጣቴ ላይ እንደ ስኳር የሚሻክር ነገር ቀረ።

ደረጃውን ወጥቼ ዓምዶቹ ሥር ስደርስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጫማ የላቸውም። ሌላ ቦታ የምናያቸው ዓምዶች ከሥራቸው ክብ ክብ መቀመጫ ይደረግላቸዋል። እነዚህ ቀጥታ ወለሉ ላይ ነው የቆሙት። ዶሪክ የሚባለው የጥንት ግሪኮች ዓምድ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ባዶ እግሩን ይቆማል። እማዬ ይህን አይታው ይሆን? ጫማ አውልቆ የሚቆመው የት እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ታሪኩን ሳነብ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ነገሩ በአጋጣሚ እንዳልሆነ ገባኝ። በ1818 የባንኩ ዳይሬክተሮች የንድፍ ውድድር አወጡ። ማስታወቂያው ላይ የፈለጉትን በግልጽ ጻፉት። የግሪክን የሕንፃ ጥበብ በጨዋ ወግ የሚመስል ይሁን፣ «በጣም ቀላልና ወጪው በጣም ትንሽ በሆነ መልኩ» አሉ። በእኛ አማርኛ፣ መቅደስ ሥሩልን፣ ግን እንዳታስወድዱብን ማለት ነው። አንድ ቤት ያሠራ ሐበሻ ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል።

ያሸነፈው ዊልያም ስትሪክላንድ የሚባል፣ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነ የፊላደልፊያ አርክቴክት ነው። ሥራውን ያስተማረው ቤንጃሚን ላትሮብም ተወዳድሮ ነበር። ተሸነፈ፤ ንድፉ የኔ ነው ብሎም ተከራከረ። የሚገርመው ስትሪክላንድ ግሪክን አይቶ አያውቅም። ሁለት እንግሊዛውያን አቴንስ ሄደው ፓርተኖን የተባለውን ቤተ መቅደስ እያንዳንዱን ጠርዝ ለክተው፣ ስለው አሳትመው ነበር። እሱ የሠራው ያንን ሥዕል እያየ ነው። በ1819 መሠረቱ ተጣለ፣ በ1824 ሕንፃው አለቀ።

ግሪክን በዓይኑ ያየው ሌላ ሰው ነው። በ1823 የባንኩ ፕሬዝዳንት የሆነው ኒኮላስ ቢድል በ1806፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ግሪክን ዞሯታል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያደረገ አሜሪካዊ ብርቅ ነበር። ፍቅሩ አልወጣለትም። ኋላ ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የገዛ መኖሪያውን ሳይቀር በግሪክ ዓምድ አስውቦታል።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ዛሬ የብሔራዊ ፓርኩ የሥዕል ማሳያ ነው፤ የአሜሪካ አብዮት ዘመን ሰዎች ከየግድግዳው ያዩሃል። ዋናው አዳራሽ ጣሪያው ለሁለት እንደተሰነጠቀ በርሜል የጎበጠ ነው። ገንዘብ ተቀባዮቹ የሚሠሩት እዚህ ነበር። የጫማዬ ድምፅ ከላይ ተመልሶ መጣብኝ። ሳላስበው እጆቼን ከኪሴ አወጣሁ። ጥበቃዋን «ፎቶ ማንሳት ይቻላል?» ብዬ ስጠይቃት በሹክሹክታ ነበር። እሷም በሹክሹክታ መለሰችልኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ያኔ አንድ የልጅነት ነገር ትዝ አለኝ። እማዬ አንድ ጊዜ ወደ ንግድ ባንክ ይዛኝ ሄዳለች። ያ ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት በንጉሡ ዘመን የነደፈው፣ ክቡ ሕንፃ። በሩ ጋ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። ውስጥ ስገባ ጮክ ብዬ አንድ ነገር ስላት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በል፣ ባንክ ቤት ነው!» ክብ ግድግዳ፣ ከላይ ጉልላት፣ ዝም ያለ ሕዝብ። የደብራችን ቤተክርስቲያንም ክብ ነው። ለካ እኛም አስመስለናል! እማዬን ስትሳለም ያየሁት በፊላደልፊያ ይሁን እንጂ ልምዱን ያመጣችው ከአገሯ ነው።

ከጎን ሲታይ

ወጥቼ ልሄድ ስል የፓርኪንግ ሰዓቴ ገና ነበር። ሕንፃውን ልዙረው አልኩ። በጎኑ የአትክልት ቦታ አለ፤ በዚያ ገባሁ።

ጎኑ ላይ ዓምድ የለም።

ቆምኩ። ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁ። ከፊት ስምንት። ጎኑ ልሙጥ ግድግዳ፣ መስኮት፣ መስኮት፣ መስኮት። ሄጄ ጀርባውን አየሁ፤ እንደገና ስምንት። በሌላው ጎን ዞርኩ፤ ዜሮ። አቴንስ ያለው ፓርተኖን በየጎኑ 17 ዓምድ አለው። ዙሪያውን ነው የተከበበው። ይህኛው ከፊትና ከኋላ ሙሉ ልብስ ለብሶ ጎኑን ረስቶታል። ማለቴ፣ አልረሳውም። ባንክ የሚሠራበት ብርሃን ይፈልጋል፣ ዓምድ ደግሞ ብርሃን ይከለክላል። በዚያ ላይ «ወጪው በጣም ትንሽ ይሁን» ተብሏል። ምክንያቱ ይገባኛል። እኔም ባስገነባ እንደዚያው አደርግ ነበር።

ግን እዚያ ሣሩ ላይ ቆሜ ሆዴን ቅር አለው። እማዬ የተሳለመችው ፊቱን ነው። ማንም ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። ከላይ ሲያዩት እንዲህ፣ ውስጡን ለቄስ ይላል የአገሬ ሰው። እዚህ እንኳ ውስጡ ያምራል፤ የተራቆተው ጎኑ ነው። ያልተነገረኝን ነገር ያወቅኩ ያህል ተሰማኝ። ሰው ለሠርግ የተከራየውን ሱፍ ዋጋ ወረቀት እጅጌው ላይ እንደማየት።

ለምን እንደተናደድኩ አሰብኩ። እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ የከፈትኩት ወለሉ የሚያበራ፣ ጣሪያው ሩቅ የሆነ ባንክ ነበር። ስሙን ተዉት። የሦስት ዶላር ቡና ስገዛ ሂሳቤ ላይ ጥቂት ሳንቲም ጎደለ። ቅጣቱ 35 ዶላር። ልጠይቅ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ፈገግ እያለች ወረቀት ላይ ያለ መስመር አሳየችኝ። ከዚያ እኔ ራሴ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ገንዘቤን የወሰዱት እነሱ፣ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ! ለምን? ጣሪያው ነዋ። እንደዚያ ባለ ጣሪያ ሥር ሰው አይከራከርም።

እዚያው ሣር ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ይህ ባንክ ዋናው ሥራው ወረቀት ማሳመን ነበር። ኮንግረስ በ1816 ለ20 ዓመት ፈቃድ ሰጥቶ አቋቋመው። ካፒታሉ 35 ሚሊዮን ዶላር፣ አንድ አምስተኛው የመንግሥት። (35 ቁጥሬ ናት መሰለኝ።) የመንግሥት ግብር እዚያ ይቀመጣል። ባንኩ የወረቀት ገንዘብ ያትማል፤ ወረቀቱን ይዞ ለመጣ ሰው ወርቅ ወይም ብር እሰጣለሁ ይላል። በዚያን ጊዜ በየክፍለ ግዛቱ ያለ ባንክ ሁሉ የየራሱን ወረቀት ያትም ነበር። የትኛው እውነት፣ የትኛው የዝናብ መጠለያ እንኳ እንደማይሆን ለማወቅ ሊቅ መሆን ያስፈልጋል።

እኛ ዘንድ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነው። ገበያው የሚያምነው አሞሌ ጨውንና ጠገራ ብርን ነበር። ጠገራ ብር የማሪያ ቴሬዛ ምስል አለበት። ባላገሩ በእጁ ይመዝነዋል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል፣ የሴትዮዋን ጌጥ ነጠብጣብ ሳይቀር ይቆጥራል። ጎደለ ካለ አይቀበልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወረቀት ግን ምኑ ይመዘናል? ምኑስ ይጮኻል? የሚመዘን ነገር ከሌለው የሚመዘን ነገር ያቁሙለት። ስምንት ዓምድ ከፊት፣ ስምንት ከኋላ።

ዓምዶቹ ዋስ ናቸው ማለት ነው። የሚያምረውን ትቼ ያየሁት ይህን ነው። ድንጋዩ ለወረቀቱ ዋስ ገብቶለታል።

ሐሳቡ አዲስም አይደለም። አቴንስ ያለው ፓርተኖን ራሱ የጸሎት ቦታ ብቻ አልነበረም፤ የከተማዋ ሀብት የሚቀመጥበትም ነበር። ውስጡ የቆመችው የአቴና ሐውልት የለበሰችው ወርቅ ተነቃይ ነበር። ጦርነት መጥቶ ገንዘብ ካነሰ ወርቁን አውልቀን እንጠቀማለን፣ ኋላ እንመልሳለን ይሉ ነበር። ጣዖቷም ካዝና ናት እንግዲህ።

ሁለቱ ዝሆኖች

መሠረቱ በተጣለበት በ1819 ምን እየሆነ እንደነበር ሳውቅ ደግሞ ሌላ ጉድ። አገሩ በሙሉ በገንዘብ ቀውስ ተመትቶ ነበር። ባንኩ ራሱ መጀመሪያ ላይ ያለ ልክ አበድሯል። የባልቲሞር ቅርንጫፉን የሚመሩት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለራሳቸው ገለበጡ። ከዚያ አዲስ ፕሬዝዳንት መጣና ገመዱን ጠበቅ አደረገ፤ ብድር ተሰበሰበ፣ ገበሬው መሬቱን ተቀማ። ዊልያም ጉዥ የሚባል የፊላደልፊያ ጸሐፊ በኋላ ሲያስበው «ባንኩ ዳነ፣ ሕዝቡ ጠፋ» አለ። ሕዝቡ ሲጠፋ እብነ በረዱ እየተጠረበ ነበር። ገበሬው መሬቱን ያጣበት ዓመትና መቅደሱ የተጀመረበት ዓመት አንድ ነው።

ከተበደሉት ወገን ነኝ ያለው አንድ ሰው ደግሞ አልረሳም። አንድሩ ጃክሰን። የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሲሆን ባንኩን ጥርስ ነክሶ ያዘው። የባንኩ ፈቃድ የሚያልቀው በ1836 ነው። ቢድል ግን አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1832፣ እድሳት ጠየቀ፤ የምርጫ ዓመት ስለሆነ ጃክሰን አይደፍርም የሚል ስሌት ነው። ኮንግረስ አሳለፈው። ጃክሰን ጁላይ 10 ቀን ውድቅ አደረገው። ለምክትልነት ለታጨው ለቫን ቡረን «ባንኩ ሊገድለኝ ነው፣ እኔ ግን እገድለዋለሁ» ብሎታል። ምርጫውንም አሸነፈ። በ1833 የመንግሥትን ገንዘብ ከባንኩ እያወጣ ወደ ሌሎች ባንኮች ማስገባት ጀመረ። ቢድልም አልተኛም። ብድር አጠበበ፤ ነጋዴው ሲጮህ ጃክሰን ይንበረከካል ብሎ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የተተረተ ነው የሚመስለው።

የቀረው ባጭሩ ይህ ነው። በ1836 ፈቃዱ አለቀ። ባንኩ የፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ባንክ ሆኖ ትንሽ ተንገታገተ፤ በ1841 ወደቀ። የአክሲዮን ባለቤቶቹ ገንዘብ ቀለጠ። ቢድል በማጭበርበር ተከስሶ ነጻ ወጣ፤ በ1844 ዓምድ ባቆመበት ቤቱ ሞተ። ስትሪክላንድ ደግሞ ኋላ ወደ ቴነሲ፣ ወደ ጃክሰን አገር ሄዶ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት ሠራ። የተቀበረውም እዚያው በሠራው ሕንፃ ግድግዳ ውስጥ ነው። ደጁ ላይ ዛሬ በፈረስ የተቀመጠ ሐውልት አለ። የማን ነው? የጃክሰን። የእድል ቀልድ አያልቅም። እኔም ተሳፋሪ 20 ዶላር በሰጠኝ ቁጥር የወረቀት ገንዘብ ይጠላ የነበረውን የዚህን ሰውዬ ፊት አጥፌ ኪሴ እከታለሁ።

ሕንፃው ምን ሆነ? ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ፊላደልፊያ መጥቶ ነበር። በሌሊት ከሆቴሉ መስኮት ሲያይ ፊት ለፊቱ ነጭ እብነ በረድ ቆሟል፤ ያማረ፣ ግን ያዘነ፣ ጣረ ሞት የመሰለ። ጨለማው ነው ብሎ ተኛ። ጠዋት ደረጃው በሰው ይሞላል ብሎ ቢያይ በሩ እንደተጠረቀመ ነው። ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የብዙ ሰው ሀብት መቃብር መሆኑን ያኔ ሰማ። ቤተክርስቲያን ከመሰለው ነገር ላይ እማዬ ሕይወት አየች፣ እሱ መቃብር አየ። ሁለቱም ስለ ባንኩ አንዲት ነገር ሳያውቁ ነው ድንጋዩን ብቻ አይተው የፈረዱት።

ከዚያ በኋላ ለ90 ዓመት ገደማ የጉምሩክ ቤት ሆነ። ስለ ጉምሩክ ምንም አልናገርም፤ ሻንጣ ይዞ የተጓዘ ሐበሻ የራሱን ይጨምርበት።

የኒዶው ጣሳ

እማዬ ሠፈራችን ውስጥ የእቁብ ዳኛ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ። የእቁቡ ገንዘብ የሚቀመጠው በኒዶ ወተት ጣሳ ነበር። ጣሳው ከቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከአባቴ ፎቶ ጀርባ። ልጆች ሆነን እንዳንነካው አትለንም ነበር፤ መንካት እንደማይቻል እናውቃለን። ደብተሩ ባለ 50 ሉክ፣ ስሞቹ በእርሳስ። ዕጣው በተጠቀለለ ወረቀት፣ በቡና ስኒ ውስጥ። የሚያወጣው ከሕፃናቱ አንዱ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አውጥቻለሁ።

እቁብን እንደ ተረት ላሳምረው አልፈልግም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩ የሚበጠስበትም ጊዜ አለ። እዚሁ ፊላደልፊያ አንድ እቁብ ገብቼ ነበር። ሦስተኛው ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ከከተማው ጠፋ። ስልኩም ጠፋ። ዋስ አልጠራንም ነበር፤ ሁላችንም «የታወቀ ልጅ ነው» ብለናል። መኪናው ያምር ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

እማዬም ጋ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። አንዲት ሴት ቀድማ በላችና መክፈል አቃታት። ዋሷም ሞቶ ነበር። እማዬ ለማንም አልተናገረችም። በሚቀጥለው እሑድ ጆሮዋ ላይ የነበረው የወርቅ ጉትቻ አልነበረም። እቁቡ ሳይጎድል ዞረ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጉትቻው የት ሄደ ብዬ ስጠይቃት «ጠፋብኝ» አለችኝ። የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ባለፈው እሑድ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ጎኑ ዓምድ እንደሌለው፣ ሁለቱ ሰዎች እንደተጣሉ፣ ባንኩ እንደወደቀ። ጥሩ አድማጭ ናት፤ አታቋርጥም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ዋሱ ማን ነበር?»

«መንግሥት ነው እማዬ። የራሱንም ገንዘብ እዚያ ነበር የሚያስቀምጠው።»

«እሺ፤ ሲጣሉ ዋሱ ምን አደረገ?»

«ገንዘቡን አውጥቶ ሄደ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ዋሱ ራሱ ቀድሞ አውጥቶ ሄደ?» አለች እንደገና፣ እንዳልሰማ ሰው። «አይ! እንዲህ ያለ ሰው እኔ ጋ ስሙ ደብተር ላይ አይጻፍም።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቆይ፣ ታዲያ እኔ ያን ቀን ማንን ነው የተሳለምኩት?»

ይህን እንደምትጠይቀኝ አውቄ ነበር፤ ያቆየሁላት ነገርም ነበረ። ሕንፃው የተቀዳው አቴንስ ካለው የአረማውያን መቅደስ እንደሆነ ነገርኳት። መቅደሱ ግን ክርስትና ሲመጣ ቤተክርስቲያን ሆኗል፤ ቱርኮች አቴንስን ይዘው መስጊድ እስኪያደርጉት ድረስ ከ800 ዓመት በላይ ተቀድሶበታል።

«የማን ቤተክርስቲያን?»

«የእመቤታችን።»

«ይኸው!» አለች። ድምፅዋ ስልኩን ሊሰብረው ነው። «ይኸው! አላልኩህም?»

ምንም አላለችኝም ነበር። ግን መልስ ሳልሰጣት በሩ ተንኳኳ፤ ከኋላ የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። እሑድ ነው፣ እቁብተኞቿ ደርሰዋል። «ዕጣ ልናወጣ ነው፣ በኋላ ደውል» ብላ ዘጋችብኝ።